ዘጠና አንጓ ለግራ፣ ዘጠና ለቀኝ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከጠዋቱ 3፡20

ጄሶው እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ አለኝ። የወንጂው ሽማግሌ የታች ጥርስ ነው፤ ለዓርብ ይፈልጉታል። ከጎኑ፣ እዚያው ሳህን ላይ፣ አንዲት የታንክ ሰንሰለት አንጓ ተቀምጣለች። ስፋቷ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ዶ/ር ሰብለ አይታት አለፈች። ክሊኒኩ የሷ ነው፣ ጓዳው ደግሞ የኔ፤ አሁን አሁን ምን እንደምሠራ መጠየቅ ትታለች።

አዎ አጀንዳዬ፣ ዛሬም ስለ ሰንሰለት ነው። ቻይው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፑል ቤቱ ጀርባ ስድስት ሰዎች ሆነን በፒንግፖንግ ጠረጴዛ ላይ እንዋጋለን። ትንንሽ ታንክ፣ ትንንሽ የጭነት መኪና፣ ማስመሪያና ዳይስ። ስድስታችንም ደመወዝተኞች፣ ስድስታችንም ከሠላሳ በላይ። የቴክኒክ አስተማሪው ቶሌራ (ከዚህ በኋላ ቶ.) የታንኮቹን አካል በፕሪንተር ያትማል። አካሉ ሸጋ ነው። ሰንሰለቱ ግን ያሳፍራል። ከጎማው ጋር የተጣበቀ፣ ድርቅ ያለ፣ የማይዞር። ታንክ ነው ብለሽ ሳሙና ትገፊያለሽ። አንጓዎቹን ለየብቻ ሲያትማቸው ደግሞ ገና በጣት ሲነኩ እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭ ይላሉ።

ኅዳር 20 የአ.አ ቡድን ሊገጥመን ይመጣል። እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ አፌን ከፍቼ፣ በእውነት የሚዞር ሰንሰለት እሠራለሁ አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ቶ. ብቻ አልሳቀም።

ይሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት ጥርስ ሠርቻለሁ። ሰው የሚያኝክበትን የሠራች እጅ አሻንጉሊት የሚሄድበትን ታጣለች?

በዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ወጣች! ከሲሊኮን ቅርጹ ልቅም ብላ ወጣች። ለድድ በምንጠቀምበት አክሪሊክ ስለሆነ ቀለሟ ሮዝ ነው። ሮዝ የታንክ አንጓ። ግድ የለም፣ ቀለም ይሸፍነዋል። በጥርሴ ነከስኳት። አልተሰበረችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት

ስድስት አንጓ ተያያዘ። አንጓን ከአንጓ የሚያያይዘው ፒን የተጣመመ ጥርስ የምናቃናበት ሽቦ ነው። ቶ. ሁለት ሳምንት ሙሉ መርፌ፣ የስልክ ሽቦ፣ የመጥረጊያ ጭራሮ ሳይቀር ሲሞክር ከርሟል። መልሱ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ስድስቱን ጣቴ ላይ ጠቀለልኳቸው፣ ዘረጋኋቸው፣ እንደገና ጠቀለልኳቸው። ሥራ ፈትቼ ሩብ ሰዓት ከነሱ ጋር ተጫወትኩ።

የወንጂው ሽማግሌ መጡ። ጥርሱን ገጠምንላቸው። መስታወት ሰጠኋቸው። አዩ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው እዚያው ገመጡ። ዶ/ር ሰብለ ዛሬ ለስላሳ ነገር ብቻ ነው የሚበሉት እያለች፣ እሳቸው ጨረሱት። ሲወጡ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ነጠቅኳቸው። ደስ ብሎኝ ጓዳ ገባሁና ወዲያው ከፋኝ።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። አባባ።

አባባ ደራ ናቸው፣ ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከታች አንድም ጥርስ የላቸውም። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ አንድ አይደለም፣ ሁለት። ቆሎ እንደ ነፍሳቸው ነበር የሚወዱት። አሁንም ከኪሳቸው አይጠፋም፣ ላገኙት ሰው ያድሉታል፣ ሰውየው ሲቆረጥም ቆመው ያያሉ። ልሥራልዎ ስላቸው፣ ሐኪም ሁኚ ብልሽ ጄሶ አቡኪ ሆንሽ፣ ጄሶ ደግሞ አፌ አይገባም ይሉኛል። የግማሽ አዳማን አፍ ሞልቻለሁ። የገዛ አባቴ በድዳቸው ያኝካሉ። ይህን ከአንቺ ሌላ ለማንም አልናገርም።

በወጣትነታቸው ታንከኛ ነበሩ፣ የቲ-55 ሹፌር። ከዚያ እስከ ጡረታ የትራክተር መካኒክ። ሰውን የሚመዝኑት በብሎን አያያዙ ነው። ከዚያ ዘመን አንዲት ፎቶ አለቻቸው፦ ቀጭን ልጅ፣ የታንኩ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎኑ በነጭ ቀለም 417። የምሠራው ያንን ነው። ቶ. ለምን 417 አለኝ። ዝም ብሎ ቁጥር ነው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11 ሰዓት ተኩል

ግራው አለቀ። ዘጠና አንጓ። ጣቶቼ አክሪሊክ አክሪሊክ ይሸታሉ፣ እጄን ስታጠብ ሳሙናው ይሸነፋል።

ለቀኙ አዲስ ቅርጽ ቀረጽኩ። መቼም የግራ መንጋጋ ለቀኝ አይሆንም፤ መጀመሪያ ዓመት የተማርነው ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ግራው ወገን ነው፣ የአንጓው የውጭ ጠርዝ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ለቀኙ ገለበጥኩት፣ ልክ በመስታወት እንደሚታይ። ቆንጆ ሆነ። ፒኖቹን ደግሞ ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ እንዲሆን አደረግሁ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብየዳ፣ የተወለወለች፣ የምታብረቀርቅ። ሰው የሚያየው ወገን ማማር አለበት።

ይህን ያህል ደቃቅ ሥራ በዚህ ከተማ ማን ይሠራል? ስም ጥሪልኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ማታ 1 ሰዓት

ሄደ!

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ በአንድ ጣት ገፋሁት። ሰንሰለቱ ከፊት ወረደ፣ ከሥር ቀረ፣ ከኋላ ተነሳ። መጽሐፍ አስቀመጡለት፣ ወጣው። ሁለት ደረቡበት፣ ያንንም ወጣው። ቶ. በርከክ ብሎ ዓይኑን ከጠረጴዛው እኩል አድርጎ አየና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም። ፑል የሚጫወቱት ሳይቀሩ ዱላቸውን እንደያዙ መጡ።

አልዋሽሽም፣ እግሬ መሬት አልነካም ነበር። እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ፣ ባጃጅ መያዝ ረስቼ።

ነገ ደራ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። 12 ሰዓት ተኩል

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፍ።

ታንኩን በጫማ ካርቶን፣ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ ያዝኩት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ምንድነው ብትለኝ ጥርስ ነው አልኳት፤ ፈቀቅ አለች። አባባ ፓፓያው ሥር የጎረቤታቸውን የኦቦ ገመቹን የውሃ ሞተር ፈታተው ተቀምጠዋል። ኦቦ ገመቹም አሉ። ካርቶኑን ከፈትኩ። አባባ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መነጽር አደረጉ፣ አነሱት። 417ን አዩ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ሊኮሩብኝ ነው።

ከዚያ ገለበጡት። ቀኙን ሰንሰለት በጥፍራቸው ሳቡ፣ ግራውን ሳቡ፣ አስተያዩ። ለምን ተለያዩ አሉ። አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ስለሆነ አልኳቸው፣ በኩራት። መሳቅ ጀመሩ። የታንክ አንጓ ግራና ቀኝ የለውም አሉ። አንድ ዓይነት ነው፣ ጠርዙም በሁለቱም በኩል እኩል ነው፣ ፎቶው ላይ የሳሳው በድንጋይ ተበልቶ ነው። አንጓ ሲሰበር አፍንጫው ላይ ከታሰሩት መለዋወጫዎች አንዱን ፈትተህ በየትኛውም ወገን ትገጥመዋለህ፤ ግራና ቀኝ ቢለያይማ ግራው ሲሰበር የያዝከው የቀኝ ሆኖ በረሃ ላይ ትቀራለህ። መለዋወጫውስ የታል አሉኝ። የለም። ፒኑንም ያስገባሁት ተገልብጦ ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ይህን ሁሉ እሰማ ነበር። ችግሩ ቀጥሎ ያሉት ነው። ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረው፦ «ግራና ቀኝ የማትለይ ልጅ አፌ ውስጥ ጥርስ ልትደረድር ነበር!»

ኦቦ ገመቹ ሳቁ። አባባም ሳቁ፣ ድዳቸው እየታየ። እኔ ካርቶኔን ዘግቼ ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ። እስከ መልካሳ አለቀስኩ። ከመልካሳ ወዲህ ተናደድኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ምሳ ሰዓት

አሁንም ተናድጃለሁ።

ቶ.ን አገኘሁት፣ ነገርኩት። አብደሻል እንዴ፣ ማን ያውቃል፣ የአ.አ ልጆች ሰንሰለቱ መዞሩን አይተው ነው የሚሞቱት አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም አያውቅም። አምስት ቀን ነው የቀረን።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ያናደደኝ መሳቃቸው አልነበረም፤ ልክ መሆናቸው ነው። መለዋወጫ ለአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ምን መለዋወጫ ነው? ቀኑን ሙሉ ስህተት ፈለግሁበት። የለውም። እኔ ጥርስ አስቤ ታንክ ሠራሁ። በመስታወት ገለበጥኩ፣ የሚያምረውን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ አፍ ይመስል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 12 ሰዓት

መቶ ሰማንያውንም ፈታሁ። እንደገና እሠራለሁ። ቶ. ስልኩ ውስጥ ጮኸ። ይጩህ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር፤ ፒኑ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ከሆነ፣ በውጭ በኩል የሚይዘው ከሌለ፣ ለምን አይወድቅም? ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ደወልኩ። ሰላምታ አላበዛሁም። አባባ፣ ፒኑን ምን ይይዘዋል?

አርባ ደቂቃ ተናገሩ። አጀንዳዬ፣ አርባ! በዓመት ከሚያወሩኝ ይበልጣል። ፒኑ ሲሄድ እየተንፏቀቀ ወደ ታንኩ ሆድ ይወጣል። ከኋላ፣ ጥርሳሙ ጎማ አጠገብ፣ አካሉ ላይ የተበየደ ብረት አለ። የወጣው ፒን እዚያ ሲደርስ ጭንቅላቱን ይመታና መልሶ ያስገባዋል። ማታ ማታ በሞተሩ ድምፅ መሃል ያንን ኳ፣ ኳ እየሰሙ ስንት ፒን እንደላላ ይቆጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የአዲሱን አንጓ ሰም እቀርጻለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ። ሰንሰለቱ ከላይ ጎማው ላይ ረገብ ብሎ ይተኛ አሉ። የተወጠረ ይበጠሳል፣ የላላ ይወልቃል።

መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው መቼ ነው አሉ። ቅዳሜ አልኳቸው። እህ ብለው ዘጉት።

ስለ እሑዱ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። 8 ሰዓት

አንድ መቶ አርባ። በአንድ ጊዜ አሥር እያወጣሁ ነው። አንድ ቅርጽ ብቻ፣ ለሁለቱም ወገን። መገልበጥ የለም፣ መጠንቀቅ የለም፤ ከክምሩ ያነሳሁት ሁሉ ይገባል። እንዴት ያለ ብልህ ነገር ነው! ያንን አንጓ ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ።

ቀጠሮ የነበራት ሴትዮ በበሩ አጮልቃ ሮዝ ክምሩን አየችና፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ነው? አለች። ዶ/ር ሰብለ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሴትዮዋ ጥርሷን ሳትነቀል ወደ ቤቷ እንዳትሄድ ረጅም ማብራሪያ ተሰጣት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። 11 ሰዓት

ዘጠና ለግራ፣ ዘጠና ለቀኝ፣ ስድስት መለዋወጫ አፍንጫው ላይ። ፒኖቹ ወደ ውስጥ። ያ ሁሉ ያማረ ብየዳ አይታይም። ከኋላ የምትመታዋን ብረትም ሠራሁ፣ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። ቀለም ቀባሁት፣ ከመተሃራ መንገድ ያመጣሁትን አቧራ ነፋሁበት። ጣቴን ከላይ ጫን አደረግሁ። ረገብ አለ፣ ተመለሰ።

ከፊተኛው ይበልጣል። ከዚህ በላይ አልችልም። ከዚህ በላይ የሚችልም አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ማታ 1 ሰዓት ተኩል

በጨዋታው ተሸነፍን። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ፣ ይውጣልኝ። ታንኬ በሦስተኛው ዙር ተቃጠለ፤ ዳይሱ ሁለት ጊዜ አንድ አወጣብኝ። የዳይስ ነገር ነው።

ገና ጨዋታው ሳይጀመር ግን፦

የአ.አ ቡድን አምስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ረዘም ያለ ባለመነጽር ሰውዬ ነው፣ ጨዋ፣ ግን ያየውን ሁሉ ካልነካ አይሆንለትም። ታንኮቻችንን እየዞረ ሲያይ በሩ ተከፈተና አባባ ገቡ። ብቻቸውን። ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው። ማንም አልጠራቸውም። ሁሉም ተነሳ። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ተጫወቱ፣ ተጫወቱ አሉ። ለኔ አንገታቸውን ነቅነቅ።

በዚያች ቅጽበት ሰውዬው 417ን አነሳው። አካሉን አይደለም፣ ሰንሰለቱን ይዞ። በቀኝ በኩል። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዷ አንጓ ለሁለት ተሰንጥቃ ሰንሰለቱ እንደ ተፈታ ቀበቶ ተንጠለጠለ።

ሰውዬው ፊቱ ቀላ፣ ይቅርታ ይቅርታ አለ። ቶ. እኔን ያየኛል። እኔ አባባን አየሁ። አልተነሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

ገባኝ።

ከቦርሳዬ ፒንሳዬን አወጣሁ። የተሰበረችውን አወለቅሁ። ከአፍንጫው ላይ የመጀመሪያዋን መለዋወጫ ፈታሁ፤ የግራ ትሁን የቀኝ አላሰብኩም፣ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። አገናኘሁ፣ ፒኑን ከውስጥ በኩል ሰደድኩ፣ ከኋላ ኳ አደረግሁ። አስቀመጥኩት፣ ገፋሁት። ሄደ። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ፣ ይህን የሠራው ማነው አለ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከግድግዳው በኩል መለሱለት። «ልጄ ናት። ጥርስም ትሠራለች።»

አጀንዳዬ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። እስከዚህ ዕድሜዬ የጠበቅኩት እሱን ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በመንገድ ስለ ሰንሰለቱ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ በግራ በኩል አንድ አንጓ ቢቀንስ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረግቧል። ልክ ናቸው፣ አይቼዋለሁ። ኪሳቸው ገብተው ቆሎ አፍሰው ሰጡኝ። ቆረጠምኩ። ቆመው አዩኝ፣ እንደ ልማዳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ፣ ሰኞ ያ ክሊኒካችሁ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው አሉ።

ሁለት ሰዓት ተኩል አልኳቸው። መኪናው ሄደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ አንድ ወያላ እስኪገፋኝ ድረስ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከጠዋቱ 2፡10

ወንበሩን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። ዶ/ር ሰብለን፣ ከመጡ እንዳትስቂ፣ ስለ ታንክ ከጀመሩ እንዳታቋርጪያቸው አልኳት። ምናልባት አይመጡም። ምናልባት ሰዓቱን የጠየቁት ለሌላ ነገር ነው። ከደረጃው ሳል ይሰማል። የሳቸው ሳል ነው።

3፡40

ልክ መውሰድ የዶ/ር ሰብለ ሥራ ነው፤ የኔ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጓንቷን ስታደርግ አባባ እጃቸውን አነሱና፣ ይቅርታ ልጄ፣ እሷ ትሁን አሏት። እሷ እኔ ነኝ። ዶ/ር ሰብለ ከጎኔ ቆመች። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙና አፋቸውን ከፈቱ።

ድዳቸው በጣም ሳስቷል። ከገመትኩት በላይ። ሁለት ዓመት በዚህ ነው የበሉት። አላለቀስኩም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የልክ ሊጡን ሞላሁ፣ አስገባሁ፣ ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዓይኖቻቸው ዓይኔ ላይ ነበሩ፣ በግራ እጃቸው የጋውኔን ጫፍ ይዘው ነበር። ወጣ። ልቅም ብሎ ወጣ። ዶ/ር ሰብለ እንደዚህ ያለ ልክ እኔም አላወጣም አለች፤ ምስክር አለኝ።

አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ጠረጉ። ከዚያ፣ ጥርስስ፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አባባ፣ ጥርስ ላይ ግራው ለቀኝ አይሆንም አልኳቸው። አሰቡበት። እንግዲህ ተጠንቀቂ አሉ።

ሊወጡ ሲሉ ኪሳቸው ገቡና አንድ እፍኝ ቆሎ የመሣሪያ ሳህኔ ላይ አፈሰሱ። ለመሞከሪያ ነው አሉ፣ ጥርሱ እስኪደርስ አስቀምጪው። በመጀመሪያው ቀን ቆሎ አይበላም፣ ዳቦ ነው፣ ለስላሳ ነው እያልኳቸው ደረጃውን ወረዱ። ታንኩን በመጀመሪያው ቀን ሁለት መጽሐፍ አስወጥተሽው የለ አሉ ከታች ሆነው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ቆሎውን በጄሶ ኩባያ አድርጌ ስማቸውን ጻፍኩበት፤ መደርደሪያው ላይ ከ417 አጠገብ አስቀመጥኩት። ለታች ጥርሳቸው ያለኝን ምርጥ የጥርስ ስብስብ አወጣሁ፣ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ ደረደርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አሁን ልኩ ሳይደርቅ ጄሶውን ላፍስስበት፣ አንቺ ቆዪ።